ባዶ የማያውቅ ዕቃ

ይቺ የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እናገራለሁ፣ እሷ ታስቀምጣለች። መጀመሪያ እንቢ ብላኝ ነበር። «እማማ፣ ይኸን እኔ በምን እጄ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። ገበያ ላይ ሰዉ እየጨመረ እየቀነሰ ከሚያወራው፣ እንደሆነው አድርገሽ አንቺው ጻፊው አልኋት። ወረቀት ይዛ ተቀመጠች። አሁንም አንገቷን ደፍታ ነው የምትጽፈው።

ነገሩ የሚነሣው ከእሷ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ከሥራዋ ልጀምር።

መካነ ሰላም ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የኔ ቤት ከከተማው ወጣ ይላል፤ በማለዳ የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳትከርርበት ይደርሳል፣ እኔ ግን እያረፍሁ ስለምሄድ ረፋድ ይሆንብኛል። ክረምት ሲገባ ብርዱ ጉልበቴን ይይዘኛል፣ ጭቃውም አያስወጣ አያስገባ፤ ያን ጊዜ እሷ ዘንድ እሰነብታለሁ። ያን ክረምትም እሷው ጋ ነበርሁ። መብራት ካለ ቀኑን ሙሉ እግሯን በጋቢ ጠቅልላ ኮምፒውተሯ ላይ ትቀመጣለች። መብራት ሲሄድ ባትሪው ሳያልቅ ልጨርስ ብላ ትጣደፋለች፤ ያን ጊዜ ቢያናግሯትም አትሰማ።

አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰልችቶኝ፣ «እስቲ ይኸ ሥራሽ ምንድን ነው? ከጧት ጀምሮ አንድ ነገር ላይ ነው የምታፈጪ» አልኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፊት ባለው በጋ የየቤቱ ሰው ተመዝግቧል፤ ለሕክምና ነው ያሉን። ወጣቶች ሰሌዳ የሚያህል ስልክ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ስም፣ ዕድሜ፣ ማን አለ ማን የለም እያሉ ጠየቁ። ያ ሁሉ እሷ የምትሠራበት ቢሮ ማሽን ውስጥ ገባ። ከዚያ ደግሞ ደሴ ወዳለው ትልቅ ማሽን መሄድ አለበት። ሁለቱ ማሽኖች ግን አይግባቡም። የምታግባባቸው እሷ ናት።

«እማማ፣ እንዲህ ይያዙት» አለችኝ። «የኔ ፕሮግራም ዕቃ ዕቃ አለው። ዕድሜ፣ ቁጥር በሚይዝ ዕቃ ነው የሚቀመጥ። ስም፣ ፊደል በሚይዝ። የተወለዱበት ቀን፣ ቀን በሚይዝ። ደሴ ያለው ደግሞ በራሱ ዕቃ ካልሆነ አይቀበልም። የሱን ዕቃዎች ዘርዝረው ልከውልናል፣ ስኪማ ይሉታል። እኔ በያንዳንዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ይኸ እዚህ እንዲህ የተባለው፣ እዚያ ሲደርስ እንዲያ ተብሎ ይግባ የሚል ምልክት።»

«ምልክቱ ስም አለው?»

«አኖቴሽን ነው የሚባል።»

«የማን እንደሆነ እንዲለይ የበግ ጆሮ መተልተል ነዋ።»

ሳቀች። «ቢሮ ላይ እንዲህ ብል ይስቁብኛል፤ ግን እሱው ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ እሷን መጠየቅ ለመድሁ። አንድ ቀን ስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም አለችኝ። እንዴት ሆኖ ብላት፣ «አይደመር፣ አይቀነስ። ቁጥር በሚይዝ ዕቃ ከከተትሁት ፊት ያለችውን ዜሮ ይጥላታል። ዜሮዋ ከወደቀች ቢደወል ሰው አይገኝም። ስለዚህ ፊደል ነው ብዬ ነው የማሳልፈው» አለች።

«የኔንስ ዕድሜ በምን ከተትሽው?»

«በቁጥር ነዋ።»

«እኔ የማላውቀውን ቁጥር?»

«መዝጋቢው ገምቶልዎታል።»

«ጥርሴን አይቶ ነው?» አልኋት። ኮምፒውተሯን ወደ ጎን አድርጋ ሳቀች። ያን ክረምት እንዲህ እንሳሳቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ስለ አባቷ ልናገር። ልጄ ዐረብ አገር የሄደ ነው። ሚስቱ ይችን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ነው የሞተችበት። ልጅቱ ትምህርት ስትይዝ፣ በሁለት ጥማድ መሬት አስተምሬ አልዘልቅም አለና ለእኔ ትቷት በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻገረ። የሄደ ለት ሌሊት አልነበረም፣ ተደብቆም አልነበረም፤ በጠራራ ፀሐይ ከገበያ መኪና ላይ ወጥቶ፣ እዚያው ከሰዉ መሐል እጁን ሲያነሣ አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ኮቱን እቤት ትቶት ነው የሄደ፤ እዚያ ሙቀት ነው አለ።

መጀመሪያ ይደውል ነበር። ለልጅቱ መማሪያ ይልክላት ነበር፤ እዚህ የደረሰች በሱ ነው። በኋላ አንድ ቀን ደወለና «እማዬ፣ ሥራ ልቀይር ነው፤ እዚያ ስደርስ እደውላለሁ» አለ። እዚያ የቱ እንደሆነ አልነገረኝም። አልደወለም።

ዓመት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ከዚያ የተመለሰ ሰው በሰማሁ ቁጥር እሄዳለሁ። አንዱ እስር ቤት አይቼዋለሁ አለኝ፤ ሲቆይ ሌላ ሰው ነበር አለ። አንዱ በግ ሲያግድ አየሁት የሚል ሰው አውቃለሁ አለ። አንዱ ዓይኔን ማየት እንቢ ብሎ ሻይ ጋብዞ ሸኘኝ። እኔ ቤት መብራት የለም፤ ስልኬን በየገበያው ቀን መካነ ሰላም ወስጄ ከአንድ ሱቅ ቻርጅ አስደርጌ እመለሳለሁ። ሲደውል ባትሪ ጨርሳ ተዘግታ እንዳያገኛት ነው። ዝናብም ቢሆን፣ ጉልበቴም ቢያመኝ አልቀረሁም።

እንዲህ ያለ ኑሮ ላልያዘው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ሰው ሲሞት እርም ይወጣል፤ ይለቀሳል፣ ጥቁር ይለበሳል፣ አርባው ይወጣል፣ ሰውም ቀስ እያለ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ለኔ ይኸ የለኝም። መርዶ ሳይነገር ማልቀስ እኛ ዘንድ ሟርት ነው፤ በቁሙ መቅበር ነው። አለ ብዬም እንዳልደሰት ድምፁ የለም። ምግብ ሲጣፍጠኝ እሱ ምን በልቶ ይሆን እላለሁ። በሌሊት ውሻ ሲጮህ እነሣለሁ። ይኸው ነው።

መዝጋቢው ልጅ ቤቴ የመጣ ለት ይኸንኑ ነው የጠየቀኝ። ስሙን ጻፈ፣ ዕድሜውን ጻፈ፣ ከዚያ፣ «በሕይወት አሉ?» አለ።

«እንጃ ልጄ። እሱን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው።»

«እዚህ ላይ አዎ ወይም አይደለም ነው የሚለው፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ተወው።»

ልጁ ጨዋ ነው፤ ጥቂት አየኝና ሳይነካው አለፈ። እኔም ረሳሁት።

እንግዲህ ወደ ክረምቱ ልመለስ። ጳጉሜ ላይ ሥራዋን ጨረሰች። አንድ ቀን ብርቱካን ገዝታ መጣች። «ደሴ ያለው ማሽን ሁሉንም ተቀበለው፣ እማማ። አንድ እንኳ አልመለሰም» አለች። ጓደኞቿ የላኩት እየተመለሰባቸው ስንት ጊዜ ደክመዋል አሉ። ብርቱካኑን ልጣ ሰጠችኝ። እኔም መረቅኋት። መስከረም ሲጠባ ጭቃው ጠንከር ሲል ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ኅዳር ላይ ነው፣ ገብሱ ሲታጨድ። ጎሕ ሲቀድ ውሻዬ ጮኸ። በሩን ስከፍት የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ታናሽ ወንድሜ ነጠላውን አደግድጎ፣ ከሱ አጠገብ የቀበሌው ጸሐፊ፣ ከዚያ ጎረቤቶች። ማለዳ ሰው እንዲያ ሆኖ ደጅ ሲቆም ለምን መጣችሁ አይባልም። እኔም አላልሁም። ደፉ ላይ ተቀመጥሁ።

«ጠንክሪ ልጄ» አሉ አባ። «የሰጠ እሱ ነው፣ የወሰደም እሱ።»

ይኸን ስናገር አንድ ነገር እንድትጽፊ እፈልጋለሁ። ከየት ሰማችሁ አላልሁም። መርዶ ይዞ የመጣን ሰው ከየት ሰማህ፣ ማን ነገረህ ብሎ መመርመር ነውር ነው፤ የተጨነቀውን ሰው ዋሽተሃል እንደማለት ነው። እኔ አልጠየቅሁም። ወንድሜም ጸሐፊውን አልጠየቀም። አባም ወንድሜን አልጠየቁም። ጸሐፊው ከደሴ የተመለሰ ወረቀት ላይ ከልጄ ስም አጠገብ በሕይወት የለም የሚል አየ። ጸሐፊው ከልጄ ጋር ከብት የጠበቀ ጓደኛው ነው፤ ደንግጦ ለወንድሜ ነገረ። ወንድሜ ለአባ ሲነግር፣ መንግሥት ዐረብ አገር ድረስ ጠይቆ ያረጋገጠው ነው ብሎ ነገረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ የሞተበት ቀን እንኳ ታውቆ ነበር። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ የፊተኛው ሰው ያረጋገጠ መስሎት ነው።

ልጅቱን «አያትሽን አሟታል፣ ድረሽ» ብለው ጠሯት። እንዲህ ነው ልማዱ፤ ሐዘን በስልክ አይነገርም። የጉልበት መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት ገዝታ፣ ባጃጅ የቻለውን ያህል አምጥቷት የቀረውን ሮጣ መጣች። ከአጥሩ ስትደርስ ድንኳኑን አየች። የኔ ለቅሶ መሰላት። ከዚያ እኔን በሕይወቴ አየችኝ፤ ያን ጊዜ ነው የገባት። መድኃኒቱን እንደያዘች ወደቀች። «አባዬ፣ አባዬ» ስትል ነበር፣ ለስንት ዓመት ከአፏ ያላወጣችውን።

ሬሳ ስለሌለ ኮቱን አወጡት። ያን ሰማያዊ ኮት አንድ ዘመድ ይዞት እየዞረ ሰዉ ደረቱን ደቃ። ፎቶውን ከፊት አደረጉት። ፍትሐቱ ተደረሰ። ጸጉሬን ተላጨሁ፣ ጥቁር ለበስሁ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ሰዉ እየመጣ ስለሱ ያወራ ነበር፤ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ በሬ ሲጠምድ እንዴት እንደሚሳደብ። የሳቅንበትም ጊዜ አለ። ስልኬን ዘግቼ ከፎቶው ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኋት።

ከሠልስቱ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ውሻ ሲጮህ አልነቃ። ወንድሜ መጥቶ «ሞተች ብዬ ደንግጬ ነበር» እስኪለኝ ድረስ ፀሐይ ወጥታ እተኛለሁ። ሐዘን ነው፣ ከባድ ነው፤ ግን ወለል አለው፣ እግር ያርፍበታል። ያን ጊዜ አላወቅሁትም፣ በኋላ ነው ያወቅሁት።

ልጅቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እኔው ጋ ሰነበተች። ለአርባው ጌሾ ተወቅጦ፣ ብቅል በቅሎ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ አንዲት የእስላም ወዳጄ መጣች። መካነ ሰላም ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ናት፤ እህቷ ታማባት ደጎሎ ከርማ ስለነበር ለለቅሶው አልደረሰችም። የእሷም ልጅ ዐረብ አገር ናት። ከደጅ ጀምራ እያለቀሰች ገባች፣ አቀፈችኝ።

«አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ። አላህ ያጽናሽ።»

ተቀመጠች። ቆሎ ቀረበላት። እንባዋን ጠርጋ ትንሽ ከቆየች በኋላ፣ እኔን ልታጫውት ብላ ነው፣ ሌላ ምንም አላሰበች፣ «የኔንም እኮ ገድለዋት ነበር ወላሂ» አለች።

«ማነው የገደላት?» አለ ወንድሜ።

«ያ የቀበሌው ጸሐፊ ነዋ። ትናንት ከደጎሎ ስመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ምን ሆንህ ብዬ ስይዘው፣ ሼኩን ይዤ ልመጣ ነበር አለኝ። ለምን? ልጅሽ ሞታለች ብሎ ወረቀት መጥቷል አለ። ታዲያ ጁምዓ ለት ደውላ ሽሮ ላኪልኝ ያለችኝ ማን ናት፣ ጂን ናት? አልሁት። ጂን ሽሮ ምን ያደርግላታል?»

ሰዉ ሳቅ አለ። እሷም ስቃ፣ የት እንዳለች ትዝ ሲላት አፏን በነጠላ ያዘች። «አፉ በይኝ እህቴ» አለችኝ።

«እና ምን አለ?» አለ ወንድሜ።

«የስም መመሳሰል ይሆናል አለ፣ ሄደ።»

ልጅቱ ሳህን ስትሰበስብ ነበር። ቀጥ ብላ ቆመች። «እትዬ» አለቻት፣ «በጋ ላይ መዝጋቢው ሲመጣ፣ በሕይወት አለች ወይ ብሎ ሲጠይቅዎት ምን አሉት?»

«ዐረብ አገር ናት አልሁት። በዓይኔ ያላየሁትን አልጽፍም ብሎ ሳይነካው አለፈ። ደረቅ ልጅ ነው።»

ሳህኑን አስቀመጠች። ጫማዋን አደረገች። የት ትሄጃለሽ ስላት ደጁን አልፋ ነበር። እንደወጣች ወደ ከተማው ሄደች፣ ያን ቀን አልተመለሰችም።

በማግስቱ መጣች። ሰዉ ወጣ እስኪል ጠበቀች። ከዚያ መሬት ላይ፣ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«እማማ፣ ያ መርዶ ከኔ የወጣ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ክረምት የነገርሁዎት ዕቃ ትዝ ይልዎታል? በሕይወት አለ ወይ የሚለውን ያስቀመጥሁበት ዕቃ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቅ፤ አዎና አይደለም። ባዶ መሆን አይችልም። ሰው ምንም ካልከተተበት ራሱ አይደለም ይላል። ሌላ ዕቃ ነበር። ስሙ ተቀራራቢ ነው፣ ባዶ ከሆነ ባዶውን ዝም ብሎ ይዞ የሚቀመጥ። እሱን ነበር መያዝ የነበረብኝ። ከላዩ ደግሞ፣ ባዶ ከሆነ ባዶነቱን ይዞ ይለፍ የሚል ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግሁም።»

«ደሴ ያለው ማሽን አላወቀም?»

«በምን ያውቃል? አይደለም ተብሎ የተጻፈ መልስ ነው የደረሰው፣ ጥሩ መልስ ነው ለሱ። እነሱ እኮ ባዶም እንቀበላለን ብለው ስኪማው ላይ ጽፈው ነበር። አይቼ አለፍሁት። አንድም አልተመለሰብኝም ብዬ ብርቱካን ገዛሁ።»

«አባትሽ እንግዲህ…»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። የነበረው እርስዎ መዝጋቢውን ተወው ያሉት ባዶ ነው።»

ልደሰት ይገባኝ ነበር። ሰው ልጅሽ አልሞተም ይሆናል ሲባል እልል ይላል። እኔን ግን ያረፍሁበት ወለል ከሥሬ የሄደ መሰለኝ። ያን ያለቀስሁትን ሁሉ መልሼ እንደ መዋጥ ነበር። እሷን አላየኋትም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮት ነው ሳይ የነበርሁ። ከዚያ እጄ በራሱ ጊዜ የተላጨ ጭንቅላቴን ዳሰሰው።

ወንድሜን ጠራንና ነገረችው። ሲሰማ ጊዜ ወስዶበታል፤ ሲገባው ተነሣ።

«አንቺ ልጅ፣ አስተማርንሽ። ይኸን ሁሉ ሰው አስለቀስሽ።»

«አጎቴ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምታስተካክዪ? መርዶ የሚመለስ ነገር ነው? ማን ቤት ለቤት ዞሮ እንባችሁን መልሱልን ይላል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እኔ እንዳልሰማ መስሎት ወደ በሩ ወሰዳት። እኔ ግን ጆሮዬ ደኅና ነው። «ስሚኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት ያልደወለ ሰው ምን ያደርጋል ትያለሽ? ያው ነው። ማሽኑ ባያውቅም እውነቱን ተናግሮ ይሆናል። እሷ አርፋለች፣ ተኝታለች፤ አይተሻል አይደል? ዝም በይ። አርባው ይውጣ።»

እሷ ዝም አለች። ዝም ማለቷን ስሰማ ልቤ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? እሺ በይው አለኝ። እሺ ትበለው፣ ብቅሉ ይጠመቅ፣ ሰዉ ይብላ፣ እኔም ልተኛ። ክፉ እናት ሆኜ አይደለም። ደክሞኝ ነው።

«አባን ጥሩልኝ» አልሁ።

አባ መጡ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ለሕያው ፍትሐት ተደርጎ ይሆን፣ ይጎዳው ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። መስቀላቸውን እያገላበጡ ቆዩ። «ሞቶ እንደሆን ደርሶለታል። ቆሞም እንደሆን ጸሎት ሰው አይጎዳም» አሉ። «አርባውን ግን አላውቅም። ያን የምታውቂ አንቺ ነሽ። ዛሬ ሞቷል ብለሽ ታበያለሽ?»

ወንድሜ መሬት መሬቱን ያያል። ልጅቱ እኔን ታያለች።

«አላውቅም» አልሁ። ሌላ ምን ልበል? «ለማላውቀው ድግስ አላወጣም።»

ብቅሉን ከታች ያለ ጎረቤት ለልጁ ሠርግ ወሰደው። ድንኳኑን እድሩ ከሠልስቱ በኋላ ነቅሎት ነበርና ለመንቀል የቀረ ነገር አልነበረም። ወንድሜ ብዙ ቀን አላናገረንም። አሁን ያናግረኛል፤ ከሷ ጋር ግን ሰላምታ ብቻ ነው።

እሷ ለአለቃዋ ተናገረች። ተቆጣት፤ ሠርቶ መሳሳት አለ ብሎ በመጨረሻ አስተካክዪው አላት። ጸሐፊውን ይዛ እንዲህ ባዶ የነበሩትን ቤቶች ሁሉ ዞረች። መርዶ የተነገረበት የኛ ቤት ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ገና ሳይደርስባቸው ቀድማ ደረሰች። አንዲት እናት ስትነግራት ጥፊ አቀመሰቻት። ይኸን ልትዘይው ነበር፤ ጻፊው።

ጉልበቴ ሲብስ እንደገና እሷ ዘንድ ወረድሁ። አንድ ከሰዓት ኮምፒውተሯን ከፍታ ጠራችኝ። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዕቃውን ቀይራዋለች፣ ምልክቱንም አድርጋለች። ባዶ ባዶ ሆኖ እንዲያልፍ ሆኗል አለችኝ። የየቤቱን ሰው ጠይቃ ሞልታለች፤ የሽንኩርት ሻጭዋ ልጅ አዎ ተብላለች።

«የአባዬ ነው የቀረ» አለች። «ምን ልበል?»

«ምን ምን አለ?»

«አዎ አለ። አይደለም አለ። ባዶ አለ።» ጣቷ አዎ የሚለው ላይ ነው። ፊደል ባላውቅም ጣቷን አያለሁ።

«አዎ ብንለው ማሽኑ ያውቃል?»

«አያውቅም። የሰጡትን ነው የሚቀበል።»

«አይደለም ሲልም አያውቅም ነበር።»

ጣቷ ካለበት አልተነሣም። አዎ በዪ ማለት አማረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለሷም እንዲያ ብላት ደስ ይላት ነበር፣ እሱን ነው የምትጠብቀው። ግን አንዴ የማያውቅ ነገር ተናግሮልን አለቀስን። አሁን ደግሞ በማያውቅ ነገር እንድንስቅ አልፈለግሁም።

«ተዪው» አልኋት። «ያን መዝጋቢ ልጅ እንዳልሁት። ባዶ።»

ጣቷን አነሣች። የሆነ ነገር ተጫነች። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አለፈ?»

«አለፈ፣ እማማ። ባዶውን ተቀበለው።»

ጥቁሩን አውልቄአለሁ። ነጠላዬን አቃንቻለሁ። ጸጉሬም ትንሽ በቅሏል፤ ሰው ሲያየኝ ሐዘንተኛ ነች አይል፣ አይደለችም አይል። ኮቱን መልሼ ሰቅዬዋለሁ። እንቅልፍ እንደ ድሮው ሄዷል፣ ውሻ ሲጮህ እነሣለሁ። ስልኬን ከጨርቁ አውጥቼ በየገበያው ቀን ወደዚያው ሱቅ እወስዳለሁ። ባለሱቁ ሰምቷል መሰለኝ፣ ምንም ሳይል ነው የሚሰካልኝ። ሲሞላ ለልጅቱ እሰጣታለሁ፤ ትከፍታለች፣ ታያለች። የደወለ የለም ትለኛለች።